ቤተ መንግሥቱ ሄደ፣ ከተማው ቀረ
ስለ አንኮበር ለከተማው ነዋሪዎችና ለአካባቢው ተወላጆች የቀረበ ዲስኩር



የአንኮበር ስም ሲነሣ የሁላችንም ሐሳብ ወደ ኮረብታው ይሄዳል፤ የሸዋ ነገሥታት ወደ ነገሡበት፣ ምኒልክ ወደ ተቀመጡበት ኮረብታ። እኔም ስለዚያ እናገራለሁ። ነገር ግን ቤተ መንግሥቱ ከዚህ ከተነሣ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል። ንጉሥ ሲሄድ መኳንንቱ ይሄዳሉ፣ ሠራዊቱ ይሄዳል፣ ባለ እጁም ይከተላል። በአገራችን ንጉሥ የተነሣባቸው ብዙ ከተሞች በጥቂት ዓመት ውስጥ የእርሻ ማሳ ሆነዋል። አንኮበር ግን አለች። ዛሬ ከእናንተ ጋር ልመረምረው የምፈልገው ነገር ይህ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ከሄደ በኋላ ይህችን ከተማ ያኖራት ማን ነው?

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ያኖራት ገጠሩ ነው። እህሉን ለመሸጥ፣ ልጁን ለማሳከም፣ አቤቱታውን ለማሰማት፣ ቄሱን ለመጠየቅ፣ እህሉን ለማስፈጨት ዳገት ወጥቶ፣ ቁልቁለት ወርዶ የሚመጣው ሰው ነው። ስለዚህ የአንኮበር ክብር ዛሬ የሚለካው ጥንት ማን ተቀምጦባት እንደነበረ በመናገር ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ደጇን የሚረግጠውን ሰው እንዴት አድርጋ እንደምታስተናግድ በማየት ነው።

ከመሬቱ ልጀምር። አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ የሸዋ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። ከበስተኋላዋ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ በግ የሚረባበት ብርዳም ደጋ ነው። ከፊቷ ገደሉ ይጀምራል። ጥቂት ሰዓት በእግር የወረደ ሰው ጤፍና ማሽላ፣ ከዚያም ዝቅ ሲል ጥጥና ጫት ያገኛል። የደጋው ሰው የሌለው በቆላ አለ፤ የቆላው ሰው የሌለው በደጋ አለ። ሁለቱ መገናኛ ያስፈልጋቸዋል። ንጉሥ ከመምጣቱ በፊትም ሆነ ከሄደ በኋላ ለዚህ ቦታ ዋጋ የሰጠው ይህ ነው።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ መቀመጫቸውን እዚህ አደረጉ። ከእርሳቸው በኋላ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሣህለ ሥላሴና ኃይለ መለኮት ተከታትለው ገዙ። ለመከላከል የሚመች ቦታ ነበር፤ ከላይ ሆኖ ቆላውን ለማየትና ከባሕር የሚመጣውን ነጋዴ በር ላይ ለመጠበቅም ይመቻል። በተለይ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ገደማ በገዙት በሣህለ ሥላሴ ዘመን የአንኮበር ስም ባሕር ተሻገረ። በ1831 ዓ.ም. የጀርመን ተወላጆች የሆኑት ሚሲዮናውያን ኢዘንበርግና ክራፕፍ መጡ፤ ክራፕፍ በሸዋ ቆይታው የኦሮምኛን ቋንቋ አጥንቶ የወንጌል ክፍሎችን መተርጎም ጀመረ። ሮሼ ዴሪኩር የተባለው ፈረንሳዊም በዚያው ሰሞን ደረሰ። በ1833 ዓ.ም. ሻለቃ ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ገባ፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ።

ይህን ሁሉ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በትምህርት ቤትም ይነገራል። እኔ ግን ዛሬ ከእልፍኙ ወጥተን ወደ ጓዳው እንድንገባ እፈልጋለሁ። ያ ቤተ መንግሥት ግብር የሚያበላ ቤት ነበር። ለዚያ ሁሉ አፍ እንጀራ የሚጋገርበት ዱቄት ከየት ይመጣ ነበር? ከሴቶች ክንድ ነበር። ፈጪዎች በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው ይውላሉ፤ ውኃ ቀጂዎች ማድጋ አዝለው ከወንዝ ኮረብታውን ይወጣሉ፤ እንጨት ለቃሚዎች ከጫካ ሸክም ያመጣሉ። የዚያን ዘመን መንገደኞች ከጻፉት ውስጥ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቆጨኝ የአንድ ወፍጮ ታሪክ ነው። ድሜጥሮስ የሚባል አርመናዊ ባለ እጅ ለሣህለ ሥላሴ በውኃ ኃይል የሚሠራ ወፍጮ ሠርቶ ነበር። ብዙ ሴቶች ብዙ ቀን የሚደክሙበትን እህል በጥቂት ሰዓት ይፈጭ ነበር። ካህናቱ ግን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ወፍጮውም ቆመ። ሴቶቹ ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ።

በዚህ ታሪክ ማንንም ለመውቀስ አልፈልግም፤ ካህናቱ የዘመናቸው ሰዎች ነበሩ። የማነሣው አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ ነው። በዚያ ከተማ ውስጥ ሁሉም ነገር ወደ ላይ፣ ወደ ኮረብታው ይፈስ ነበር። እህሉ ወደ ላይ፣ ውኃው ወደ ላይ፣ እንጨቱ ወደ ላይ። የሴቶቹን ድካም የሚያቀልለው መሣሪያ ሲቆም የሚሟገትላቸው አልተገኘም፤ ምክንያቱም ከተማው የተሠራው እነርሱ እንዲያገለግሉበት እንጂ እንዲገለገሉበት አልነበረም።

ከገደሉ በታች ደግሞ አልዩ አምባ ነበረች፤ ዛሬም አለች። የአርጎባ ሙስሊሞች ከተማ ናት። ነጋዴዎቿ ከሐረርና ከታጁራ ከሚመጣው ቅፍለት ጋር ይገበያዩ ነበር፤ ሸማኔዎቿም የታወቁ ነበሩ። ጨው ከአፋር፣ ልብስና ሸቀጥ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና እህል ይወርዳል። የአንኮበርን ቤተ መንግሥት በቀረጥ ያበለጸገችው ይህች የአርጎባ ገበያ ናት። ላይኛው ቤተ ክርስቲያኑን ሠራ፣ ታችኛው መስጊዱን ሠራ፤ ሁለቱ አንዱ ያለ አንዱ ሊኖሩ አልቻሉም። የአንኮበርን ታሪክ ስንናገር አልዩ አምባን ከተውን ግማሹን ታሪክ ትተናል።

በዚሁ ታሪክ ውስጥ መናገር የሚከብድም ነገር አለ። በአልዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል በሚባል ቦታ ሰው ይሸጥ ነበር፤ ከደቡብና ከምዕራብ የተነጠቁ ልጆች በዚህ ቁልቁለት ወደ ባሕር ተነድተዋል፤ ንጉሡም ከዚያ ንግድ ቀረጥ ይቀበሉ ነበር። በጎንቾ እስር ቤትም የንጉሡ ወንድሞችና ዘመዶች፣ ዙፋን እንዳይሹ ተብለው፣ በሰንሰለት ኖረዋል። ለልጆቻችን የቤተ መንግሥቱን ድግስ ነግረን ይህን ብንደብቅባቸው የምንሰጣቸው ታሪክ ጎዶሎ ይሆናል። ሙሉውን የሰማ ልጅ ግን ሰው በሰው ላይ ሲሠለጥን ምን እንደሚደርስ ያውቃል፤ አገሩንም በዕውቀት ይወዳል።

በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ ኃይለ መለኮት ሞቱ፤ ልጃቸው ምኒልክ ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ሲመለሱ አንኮበር ዳግመኛ ነፍስ ዘራች። በ1869 ዓ.ም. የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ተጓዦች በአቅራቢያው ልጥ ማረፊያ በሚባል ቦታ መሬት ተሰጥቷቸው የጥናት ጣቢያ አቋቋሙ፤ መሪያቸው አንቲኖሪም እዚያው አርፏል። በ1871 ዓ.ም. ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ምኒልክን ለማገልገል ወደ አንኮበር መጣ። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ምኒልክና ጣይቱ በአንኮበር መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆርበው ተጋቡ።

ከዚያ ግን ነገሩ ተለወጠ። ግዛቱ ወደ ደቡብ ሰፋ፤ ንጉሡ ወደ እንጦጦ፣ ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮም ወደ አዲስ አበባ ዞሩ። አንኮበር የደረሰው መሐንዲስ ኢልግ የቧንቧ ውኃ ያስገባው ለአዲስ አበባ ነው፤ የባቡር ሐዲዱንም ሐሳብ ይዞ የደከመው ለአዲስ አበባ ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በአፋር በረሃ አልፎ ወደ አንኮበር ይወጣ የነበረው ቅፍለት ሥራው አለቀ። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ወደ ሰሜን የተዘረጋው አውራ ጎዳና ደግሞ በደብረ ብርሃን አድርጎ፣ የጣርማበርን ተራራ በስቶ ወደ ደብረ ሲና ወረደ፤ አንኮበርን ወደ ጎን ተዋት። እነ ራስ አበበ አረጋይ የመሯቸው የሸዋ አርበኞች ጠላትን በእነዚህ ገደሎች መውጫ ሲያሳጡት፣ ያው ከአውራው መንገድ መራቅ ጠቅሟቸው ነበር። ከነጻነት በኋላ ግን ያ መራቅ ለከተማዋ ድህነት ሆነ። ቤተ መንግሥቱ፣ ቅፍለቱ፣ አውራ ጎዳናው፤ ከተማን ያቆማሉ የሚባሉት ሦስቱም ከአንኮበር ሄዱ።

ታዲያ ምን ቀረ? የደጋው ገብስና የቆላው ማሽላ መገናኛ ቀረ። ደወሉን የሚሰማ ገበሬ የነበራቸው ቤተ ክርስቲያኖች ቀሩ። አልዩ አምባ ከጁምዓዋ ጋር ቀረች። መንገዱ ተገላበጠ ማለት ይቻላል፤ ቀድሞ ገጠሩ ወደ ከተማው የሚመጣው ለንጉሥ ለመገበር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚመጣው ለራሱ ጉዳይ ሆነ። ለእኔ የአንኮበር እውነተኛ የከተማነት ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የዛሬውን የገበያ ቀን እንመልከት። አንዲት የገጠር እናት ገና ሳይነጋ ትነሣለች። አንድ አህያ ገብስና ጥቂት እንቁላል ይዛ ሁለትና ሦስት ሰዓት በእግር ትመጣለች። ገብሷን ሸጣ ጨው፣ ዘይትና ሳሙና ትገዛለች። ከፊሉን እህል ወፍጮ ቤት ታስገባለች፤ ያ በሣህለ ሥላሴ ዘመን የቆመው ወፍጮ ዛሬ በሞተር ይሠራል፤ ተራ ይዛ በጥቂት ጊዜ ዱቄቷን ታፍሳለች። ጀርባዋ ላይ ያዘለችው ሕፃን የክትባት ጊዜው ከደረሰ፣ ጤና ጣቢያ ትገባለች። የመሬት ክርክር ካለባት ወደ ወረዳው መቀመጫ ወደ ጎረቤላ ዘልቃ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱን ትጠይቃለች፤ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የተለጠፈበትን የይዞታ ደብተር ከጉያዋ አውጥታ ታሳያለች። ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ለሚማር ልጇም የሳምንት ስንቁን ታደርሳለች፤ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ።

ይህ ሁሉ የአንድ ቀን ሥራ ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት “የሚፈርመው ሰው የለም፣ ነገ ነይ” ቢላት “ነገ” ለእርሷ ሌላ ሙሉ ቀን ነው፤ ሌላ ዳገት ነው፤ ቤት የቀሩት ልጆችና ከብቶች ጠባቂ ያጣሉ ማለት ነው። ለከተማ ሰው “ነገ ተመለሱ” ቀላል ቃል ነው፤ ለገጠር ሰው ግን ቅጣት ነው።

ስለ አገልግሎት ስናወራ የተገኘውን መልካም ነገር መካድ አይገባም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበው ቤት ለቤት ዞረዋል። እነዚህ ሴቶች በጭቃና በጉም መንደር ለመንደር ሄደው፣ እናቶች በጤና ጣቢያ እንዲወልዱ፣ ሕፃናት እንዲከተቡ፣ መጸዳጃ እንዲቆፈር አድርገዋል። መንደሯ ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቃረብ መጥታ የምታርፍበት የእናቶች ማቆያ በየጤና ጣቢያው እንዲኖር ተደርጓል፤ ኅብረተሰቡ እህል አዋጥቶ እዚያው ገንፎ ይገነፋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሲስፋፋ፣ ገበሬው በዓመት አንድ ጊዜ ከፍሎ ቤተሰቡን የሚያሳክምበት መንገድ ተከፍቷል። በሬ ሸጦ መታከም ብቸኛው አማራጭ ከነበረበት ጊዜ ትልቅ እርምጃ ነው። መድኅኑ የሚታመነው ግን መድኃኒት ሲገኝ ነው። መታወቂያ ደብተሩን ይዞ መጥቶ “መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ” የተባለ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አይከፍልም፤ ጎረቤቱም እንዳይከፍል ይመክራል።

መንግሥት ከሚሰጠው አገልግሎት ቀድሞ የነበረና እርሱ ሲጎድል የሚሞላ ሌላ አገልግሎት ደግሞ አለ፤ እርሱም እናንተ ራሳችሁ የምትሰጡት ነው። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፤ ዕድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ አግዳሚውን ያወጣል፤ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ሐዘንተኛው እጁን ሳያነሣ ሦስቱ ቀን ያልፋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴው ተረኛ ዳቦና ጠላ ይዞ ይቀርባል፤ በዚያ ማዕድ ላይ የተጣላ ይታረቃል፣ የታመመ ይጠየቃል። በአዝመራ ጊዜ አቅም ያነሰውን ወገን በደቦ ያጭዱለታል። በሽተኛ ሲጠና የመንደሩ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው እየተቀባበሉ መኪና እስከሚደርስበት ድረስ ያወጡታል። ክርስቲያኑ ሲሞት አርጎባው ይቀብራል፤ አርጎባው ሲሞት ክርስቲያኑ ይወርዳል። ለዚህ ማንም ደመወዝ አይከፍልም፤ ባይኖር ግን ምንም መሥሪያ ቤት አይተካውም።

ይህ አደረጃጀት ግን እየሳሳ ነው፤ ምክንያቱንም ሁላችንም እናውቀዋለን። ወጣቱ ወደ ደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች፣ ወደ አዲስ አበባ፣ እኅቶቻችንም ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ። ቃሬዛ የሚሸከም ትከሻ እያነሰ ነው። ሰላም ሲደፈርስ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚዘጋው መንገድ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ገበያው፣ መድኃኒቱ፣ ፈተናው ሁሉ አብሮ ይዘጋል። የገጠር ከተማ ያለ ሰላም አንድ ሳምንት እንኳ ማደር እንደማይችል የሰሜን ሸዋ ሰው ነጋሪ አያሻውም።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ይዘናቸው እንድንወጣ የምፈልጋቸው ሦስት ነገሮች አሉኝ።

አንደኛው፣ የገበያ ቀን የአገልግሎት ቀን ይሁን። በሳምንቱ ውስጥ ገጠሬው በብዛት በሚመጣበት ቀን ስብሰባ አይጠራ፤ ፈራሚ ከቢሮው አይውጣ፤ ጤና ጣቢያው ተጨማሪ ባለሙያ ይመድብ፤ ለመስክ ሥራ ለሚወጣው ሠራተኛ ተተኪ ይኑር። ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሥራ መርሐ ግብራችንን በእኛ ምቾት ሳይሆን በዚያች እናት እርምጃ መቁጠር ነው።

ሁለተኛው፣ ቤት ተከራይተው የሚማሩት የገጠር ልጆች የከተማው ልጆች ናቸው። አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸው ያለ እናት፣ ያለ አባት፣ ሦስትና አራት ሆነው በአንዲት ክፍል ያድራሉ። ስንቃቸው ከሳምንቱ ቀድሞ ያልቃል። ሴቶቹ ልጆች ላይ ደግሞ የሚያንዣብበውን አደጋ እናቶች ታውቁታላችሁ። ዕድሮቻችን ለሞተ ድንኳን እንደሚተክሉ ሁሉ ለሚማር ልጅም ጠያቂ ይመድቡ። አከራዮች እንደ ወላጅ ይዩአቸው። ማታ የሚያጠኑበት ብርሃን ያለው አንድ ክፍል ትምህርት ቤቱ ይክፈትላቸው፤ ከአዲስ አበባ የመጣችሁ ወገኖች መጽሐፍ አምጡላቸው። ከእነርሱ ውስጥ ነው የነገዋ ሐኪም፣ የነገው ዳኛ የሚወጣው።

ሦስተኛው፣ ታሪካችንና ተፈጥሯችን ለነዋሪው እንጀራ ይሁን። ምኒልክ በነበሩበት ኮረብታ ላይ በቤተ መንግሥቱ አምሳል የተሠራው ማረፊያ እንግዳ ይስባል። የወፍ ዋሻ ደን ጥዱን፣ ዝግባውንና ኮሶውን ይዞ በአፋፉ ላይ አለ፤ በገደሎቹ ጭላዳ ይግጣል። ከ1968 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሳይንስ የታወቀችውንና በዚህች ከተማ ስም የምትጠራውን ትንሽ ቡናማ ወፍ ለማየት ከሩቅ አገር ሰው ይመጣል። ነገር ግን የመጣው እንግዳ ፎቶ አንሥቶ በዚያው ዕለት ከተመለሰ የጉዞው ገንዘብ ለሌላ ከተማ ነው የሚተርፈው። ወጣቶቻችን መሪ ሆነው ይሠልጥኑ፤ እንግዳውን ወደ አልዩ አምባም ያውርዱት፤ የአርጎባን ሸማ ይግዛ፤ የደጋውን ማር ይቅመስ። ሽማግሌዎቻችን ሳያልፉ የሚያውቁት ይመዝገብ፤ የነገሥታቱ ወሬ ብቻ ሳይሆን የፈጪዎቹ፣ የሸማኔዎቹ፣ የነጋዴዎቹ፣ የአርበኞቹ ጭምር። ደኑም ከተጨፈጨፈ ወፏም ምንጩም አብሮ እንደሚሄድ ለልጆቻችን እንንገራቸው።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፤ አንኮበር ታላቅ ነበረች ማለት ደስ ይላል፤ እውነትም ነው። ግን ያ ታላቅነት ንጉሡ ሲነሡ አብሯቸው ሊነሣ የሚችል ታላቅነት ነበር፤ ተነሣም። ዛሬ በእጃችሁ ያለው ማንም ሊያነሣው የማይችል ነው። ዳገት ወጥቶ የመጣን ገበሬ በአክብሮት ተቀብሎ፣ ጉዳዩን በዕለቱ ጨርሶ፣ ልጁን አስተምሮ፣ ሚስቱን በሰላም አዋልዶ የሚመልስ ከተማ ምንም ዙፋን ባይኖረው ታላቅ ነው። ይህን ለማድረግ የምትጠብቁት ከላይ የሚመጣ ትእዛዝ የለም። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች በሚቀጥለው የገበያ ቀን በወንበራችሁ ተገኙ። የዕድር ዳኞች በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ስለ ተከራይ ተማሪዎች አጀንዳ ያዙ። ወጣቶች በዚህ ሳምንት ከአንድ አረጋዊ ዘንድ ተቀመጡና ጻፉ። ሥራው ከዚህ ይጀመራል።